ምጽዋ ላይ የቀረው ዕቃ

ዕቃና ተሽከርካሪ ስለ ማስጫን የሚያስተምር ንባብ

ፊደል ቆጥረን፣ ንባብ ለይተን፣ ስማችንን መጻፍ ከቻልን በኋላ አንድ ጥያቄ ይመጣል። «ታዲያ በዚህ ዕውቀት ምን እንሠራበታለን?» የሚል ጥያቄ ነው። መልሱ ብዙ ነው። ደብዳቤ እንጽፍበታለን፤ የግብር ደረሰኝ እናነብበታለን፤ የመድኃኒት አወሳሰድ እናይበታለን። በዚህ ትምህርት የምናየው ግን ሌላ ጥቅም ነው። ወፍጮ፣ የውሃ ፓምፕ፣ ትራክተር ወይም መኪና ከሩቅ አገር ገዝቶ ማስመጣት የሚፈልግ ሰው ምን ማወቅ አለበት? ሳያውቅ ቢገባበትስ ምን ይደርስበታል?

፩. በአጋሰስና በመርከብ

በደብረ ታቦር ዙሪያ የምንኖር ሁሉ ዕቃ ማስጫን ምን እንደ ሆነ እናውቃለን። እህል በአህያ ወይም በአጋሰስ ጭኖ ወደ ገበያ መላክ የቆየ ነው። ጫኙ ጎረቤታችን ነው። አባቱን እናውቃለን። ማኅበር አብረን እንጠጣለን። እህሉ ቢጎድል ዋስ ይጠራል፤ ሽማግሌ ይቀመጣል፤ ነገሩ በሠፈር ያልቃል። እዚህ ላይ ወረቀት ባይኖርም ዋስ አለ፤ ይሉኝታም አለ።

ከባሕር ማዶ የሚመጣ ዕቃ ግን እንዲህ አይደለም። ሻጩ አንድ አገር ነው። መርከቡ የሌላ ሰው ነው። ወደቡን የሚያዘው ሌላ ነው። ከወደቡ ተረክቦ የሚጭነው ሾፌር ደግሞ ሌላ ነው። እነዚህ ሰዎች እርስ በርሳቸው አይተዋወቁም፤ እኛንም አያውቁንም። አንዱ ቢያጠፋ በሽማግሌ አናስጠራውም። በእነዚህ ሁሉ መካከል ቆሞ የሚናገርልን ዋስ ወረቀት ብቻ ነው። አባቶቻችን «በቃል ያለ ይረሳል፣ በጽሑፍ ያለ ይወረሳል» ያሉት እዚህ ላይ ይሠራል።

ወረቀቱ ግን መጻፉ ብቻ አይበቃም። ምን ተብሎ እንደ ተጻፈ ማወቅ ያስፈልጋል። ለዚህ ከአገራችን ታሪክ አንድ ምሳሌ እናምጣ። ምሳሌው ሩቅ አይደለም፤ ከደብረ ታቦር ብዙ ሳይርቅ ጋፋት ላይ የተጀመረ ነው።

፪. የጋፋት ትእዛዝ

ዓፄ ቴዎድሮስ በ1847 ዓ.ም. ነገሡ። ከዋና ከተሞቻቸው አንዷ ደብረ ታቦር ነበረች። ንጉሡ አገራቸው የባለ እጅ አገር እንድትሆን አጥብቀው ይመኙ ነበር። ስለዚህ ከአውሮፓ የመጡ ሚሲዮናውያን ባለ እጆችን ጋፋት ላይ አስቀምጠው ብረት ያስቀልጡ፣ መድፍ ያስቀርጹ፣ ሠረገላ ያሠሩ ነበር። ከእነዚህ ባለ እጆች አንዱ ቴዎፊሎስ ዋልድማየር ይባላል። ሴባስቶፖል የተባለው ትልቁ መድፍ የተሠራው እዚያው ጋፋት ነው። ክብደቱ ወደ 70 ኩንታል ይደርሳል።

ንጉሡ ግን በዚህ አልረኩም። የተሻለ መሣሪያና የበለጠ የሠለጠነ ባለ እጅ ፈለጉ። ይህ ደግሞ ያለው ከባሕር ማዶ ነው። የባሕሩ በር ምጽዋ በጊዜው በቱርክ፣ ኋላም በግብፅ እጅ ነበረች። ስለዚህ በጥቅምት 1855 ዓ.ም. ለእንግሊዝ ንግሥት ቪክቶሪያ የወዳጅነት ደብዳቤ ጻፉ። መልእክተኞቻቸው የሚያልፉበት መንገድ እንዲመቻችላቸውም ጠየቁ። ደብዳቤው በየካቲት 1855 ዓ.ም. ሎንዶን ደረሰ። ነገር ግን መልስ ሳያገኝ በመሥሪያ ቤት ተቀመጠ።

ንጉሡ ጠበቁ። መልስ ጠፋ። ይህን እንደ ንቀት ቆጠሩት። በታኅሣሥ 1856 ዓ.ም. የእንግሊዝን ቆንስል ካሜሮንን አሰሩ። ይህን ጊዜ የሎንዶን መሥሪያ ቤት ከእንቅልፉ ነቃ። ሆርሙዝድ ራሳም የተባለ መልእክተኛ የንግሥቲቱን መልስ ይዞ በጥር 1858 ዓ.ም. ንጉሡ ዘንድ ደረሰ። መጀመሪያ በክብር ተቀበሉት። ኋላ ግን እሱንም ከሌሎቹ ጋር ያዙት።

በሚያዝያ 1858 ዓ.ም. ንጉሡ ፍላድ የተባለውን ሚሲዮናዊ ወደ እንግሊዝ ላኩት። ትእዛዙ ግልጽ ነበር፤ ባለ እጆችና የመሣሪያ መሥሪያ ማሽኖች እንዲመጡ ነው። የፍላድ ሚስትና ልጆች እዚሁ ቀሩ። በእኛ አነጋገር መያዣ ሆኑ ማለት ነው። ፍላድ በሐምሌ 1858 ዓ.ም. ሎንዶን ገባ፤ ንግሥቲቱንም አገኘ። የእንግሊዝ መንግሥት እሺ አለ። ባለ እጆች ተቀጠሩ። ማሽኖች ተገዙ። ዕቃው በመርከብ ተጭኖ፣ ባሕሩን ተሻግሮ ምጽዋ ደረሰ።

እስከዚህ ድረስ ሲታይ ነገሩ የሠመረ ይመስላል። ዕቃው ተገዝቷል፤ ተጭኗል፤ ወደቡ ላይ ደርሷል። የቀረው ከምጽዋ ደብረ ታቦር ያለው መንገድ ብቻ ነው። ነገር ግን ዕቃው ከዚያ ፈቀቅ አላለም።

፫. «አንተ ቅደም»፣ «አይ፣ አንተ ቅደም»

ለምን ቀረ? እንግሊዞቹ ዕቃውን ሲልኩ አንድ ቅድመ ሁኔታ አስረውበት ነበር። እስረኞቹ ተለቀው ምጽዋ ካልደረሱ ባለ እጆቹና ማሽኖቹ ወደ ደጋው አይወጡም አሉ። ንጉሡ በበኩላቸው መጀመሪያ ባለ እጆቹና ዕቃው ይምጡ፣ እስረኞቹ ከዚያ በኋላ ይለቀቃሉ አሉ።

እስቲ ነገሩን ወደ ገበያችን እናምጣው። ሻጭ «ብሩን ቁጠርና በሬውን ትወስዳለህ» ይላል። ገዢ «በሬውን ስጠኝና ብሩን እቆጥራለሁ» ይላል። በገበያ ቢሆን መፍትሔው ቀላል ነው። ሁለቱም የሚያምኑት አንድ ሰው መሐል ይገባል። ብሩ እሱ እጅ ይቀመጣል፤ በሬው ይፈታል፤ ከዚያ ብሩ ይሰጣል። በምጽዋና በደብረ ታቦር መካከል ግን ሁለቱም የሚያምኑት መሐል ገቢ አልነበረም። ማን ይቅደም፣ ዕቃው የት ላይ ይረከባል፣ እስከ መቼ ይቆያል የሚለው ነገር ከመነሻው በሁለቱም ወገን ስምምነት አልተጻፈም። አንዱ ወገን ብቻውን ወሰነ፤ ሌላውም ብቻውን ወሰነ።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ሳንናገር አናልፍም። ሰው መያዣ አይሆንም። በሬ ይያዛል፤ መሬት ይያዛል፤ ገንዘብ ይያዛል። ሰው ግን በተያዘ ጊዜ ንግድ የነበረው ነገር ጠብ ይሆናል። ደብዳቤ ሳይመልስ አንድ ዓመት፣ ሁለት ዓመት ያስቀመጠው ወገንም ከጥፋት ነፃ አይደለም። ያስቆጣ ዝምታ ነው።

ፍላድ በ1859 ዓ.ም. ወደ ንጉሡ ተመለሰ። ባለ እጆቹ ግን አብረውት አልመጡም። ምጽዋ ላይ ወራት ከቆዩ በኋላ በዚያው ዓመት ወደ አገራቸው ተመለሱ። ጋፋት የጠበቀችው ማሽን ሳይመጣ ቀረ። ትእዛዙ በዚህ አበቃ።

፬. ሸክሙ በማን ትከሻ ወደቀ?

ውል ሲፈርስ ዋጋውን የሚከፍለው ማን ነው? ብዙ ጊዜ ውሉ ሲነገር ያልነበረ ሰው ነው።

በመስከረም መጨረሻ 1860 ዓ.ም. ዓፄ ቴዎድሮስ ደብረ ታቦርን አቃጥለው ወደ መቅደላ ተነሡ። ሴባስቶፖልን ጨምሮ መድፎቹ በሠረገላ ተጫኑ። ነገር ግን ሠረገላ የሚያልፍበት መንገድ አልነበረም። መንገዱ እየተቆፈረ፣ ድንጋዩ እየተፈነቀለ፣ በመቶ የሚቆጠሩ ሰዎች በጠፍር እየጎተቱ ሄዱ። ንጉሡ ራሳቸው በእጃቸው ድንጋይ እያነሡ ይሠሩ ነበር። የጅዳንና የበሽሎን ገደል ወርደው፣ ወጥተው መቅደላ የደረሱት በመጋቢት 1860 ዓ.ም. ነው። ስድስት ወር ያህል ፈጀ። በዚያ ዘመን የበጌምድር ገበሬ እህሉን ለጦሩ ያስረክባል፤ ከብቱ ይነዳል፤ ጉልበቱም ለመንገዱ ይውላል። የጋፋትን ትእዛዝ የላከው እሱ አይደለም። የሎንዶንንም ደብዳቤ አላየውም። ሸክሙ ግን በእሱ ትከሻ ላይ ወደቀ።

ማሽኖቹ ባልወጡበት በዚያው ቀይ ባሕር የእንግሊዝ ጦር ዙላ ላይ ወረደ። አዛዡ ሮበርት ናፒየር ነበር። ጦሩ 13,000 ያህል ወታደር ነበረው። መድፍ የሚሸከሙ 44 ዝሆኖች ከሕንድ በመርከብ አምጥቷል። ከባሕሩ ዳር አጭር የባቡር ሐዲድ ዘርግቷል። ሚያዝያ 6 ቀን 1860 ዓ.ም. መቅደላ ተያዘች። እስረኞቹ ቀደም ብለው ተለቀው ነበር። ንጉሡ እጄን አልሰጥም ብለው፣ ከንግሥት ቪክቶሪያ በስጦታ በተላከላቸው ሽጉጥ ራሳቸውን ገደሉ።

እንግዲህ አስቡት። ለጥቂት ማሽኖች መንገድ ጠፋ ተባለ። ለ44 ዝሆኖች ግን መንገድ ተገኘ። ዕቃ መድረሱና አለመድረሱ በባሕሩ ስፋት ብቻ አይወሰንም። በሩን በያዘው ሰውና በተደረገው ውል ይወሰናል።

፭. አሰብ ላይ የቀረው

ይህ የድሮ ታሪክ ነው ብለን አንለፈው። ኤርትራ በ1985 ዓ.ም. ነፃ አገር ከሆነች በኋላም የኢትዮጵያ ዕቃ በአሰብ ወደብ ይገባ ነበር። በግንቦት 1990 ዓ.ም. በሁለቱ አገሮች መካከል ጦርነት ተነሣ። ዕቃቸው ወደብ ላይ የነበረ ኢትዮጵያውያን ዋጋ ከፍለው፣ መርከቡ ደርሶ ሳለ ንብረታቸው እዚያው ቀረ። ከጦርነቱ በኋላ ኢትዮጵያ ስለዚህ ንብረት ለሁለቱ አገሮች የካሣ ጉዳይ ለተቋቋመው ኮሚሽን አቤቱታ አቀረበች። ኮሚሽኑ በታኅሣሥ 1998 ዓ.ም. አቤቱታውን አልተቀበለውም። ከዚያ ጦርነት ወዲህ የአገራችን ዋናው የባሕር በር ጅቡቲ ነው።

ከዚህ የምንማረው ምንድን ነው? ዕቃ ወደብ ደረሰ ማለት እጃችን ገባ ማለት አይደለም። ምጽዋ የደረሰው ጋፋት አልደረሰም። አሰብ የደረሰውም ለባለቤቱ አልደረሰም።

፮. አንድ ትራክተር እንበል

አሁን ነገሩን ወደ ራሳችን እናምጣ። አንድ የገበሬዎች ማኅበር ገንዘብ አዋጥቶ ከባሕር ማዶ አንድ ትራክተር ገዛ እንበል። ሻጩ «ዋጋውን ከከፈላችሁ ሌላ ምንም የለባችሁ» ብሎ በቃል ነገራቸው። ወረቀት ሰጣቸው። የማኅበሩ ሰዎች ወረቀቱን ሳያስነብቡ አውራ ጣታቸውን ቀለም ነክረው አተሙ።

ሁለት ወር አለፈ። «ትራክተራችሁ ጅቡቲ ገብቷል» የሚል ወሬ መጣ። ደስ አላቸው። ግን ደብረ ታቦር አልደረሰም። ቢጠይቁ ወረቀቱ ላይ ያለው ዋጋ እስከ ጅቡቲ ወደብ ብቻ ነው ተባሉ። የወደብ ማራገፊያ አለ። ጉምሩክ አለ። የአስተላላፊ ክፍያ አለ። የመኪና ኪራይ አለ። ይህን ሁሉ የሚከፍለው ገዢው ነው። እነሱ ገንዘብ ሲያዋጡ ቀን ሄደ። ዕቃ ከተፈቀደለት ጊዜ በላይ ወደብ ላይ ሲቆይ የማቆያ ኪራይ ይቆጠርበታል። የማቆያ ኪራይ እንደ አራጣ ነው። እናንተ ብትተኙ እሱ አይተኛም።

በመጨረሻ ትራክተሩ በከባድ መኪና ተጭኖ በጋላፊ ገባ፤ በሚሌ አድርጎ ወልድያ ወጣ፤ ከዚያም ቻይናዎች በሠሩት መንገድ፣ በጋሸና፣ በነፋስ መውጫ ደብረ ታቦር ደረሰ። ሰው ተሰበሰበ። እልል ተባለ። የማኅበሩ ሊቀ መንበር በደስታ የመረከቢያውን ወረቀት ፈረመ። ሾፌሩ ሄደ።

ማግሥቱን ቢያስነሡት አይነሣም። ቢከፍቱት ባትሪው የለም። ክሪኩና የመፍቻ ሣጥኑ የለም። አንደኛው የፊት መብራት ተሰብሯል። ሻጩን ጠየቁ። «መርከብ ላይ ሲወጣ ደኅና ነበር» አለ። የመርከቡን ሰዎች ጠየቁ። «እኛ በደኅና አራግፈናል» አሉ። ባለ መኪናውን ጠየቁ። «በደኅና ተረክበናል ብላችሁ ፈርማችሁ የለም ወይ?» አለ። ሁሉም እውነት ተናገረ ይመስላል። ትራክተሩ ግን ቆሟል። የእርሻው ወራት አለፈ።

የማኅበሩ ሰዎች ሰነፎች አይደሉም። ክፉም አልሠሩም። ያጡት አንድ ነገር ነው። ወረቀቱን ከመፈረም በፊት ማንበብ!

፯. ከመፈረማችን በፊት

እኛ ከዩኒቨርሲቲ የመጣን ተማሪዎች ከእናንተ የተማርነው አንድ ቁም ነገር አለ። ገበሬ በሬ ሲገዛ ጥርሱን ያያል፤ ሸኮናውን ያነሣል፤ ከሁሉ በፊት የማን እንደ ሆነ ይጠይቃል። ወረቀትም እንዲሁ ይታያል። እነዚህን ጥያቄዎች እናንሣ።

አንደኛ፣ ዋጋው እስከ የት ድረስ ነው? እስከ መርከቡ ነው? እስከ ጅቡቲ ነው? ወይስ እስከ ደብረ ታቦር? የቦታው ስም በግልጽ ይጻፍ።

ሁለተኛ፣ ጉዳት ቢደርስ የማን ነው? ይህ ከኪራዩ የተለየ ጥያቄ ነው። የመርከቡን ኪራይ ሻጩ ቢከፍልም፣ ዕቃው መርከብ ላይ ከወጣ በኋላ የሚደርሰው ጉዳት የገዢው የሚሆንበት ውል አለ። ስለዚህ ኢንሹራንስ ማን እንደሚገባ አስቀድሞ ይታወቅ።

ሦስተኛ፣ ማን ይቅደም? ገንዘቡ ሁሉ አስቀድሞ አይለቀቅ። በጋፋት ነገር የጠፋው መሐል ገቢ በዛሬው ንግድ ባንክ ነው። ባንኩ የገዢውን ገንዘብ የሚለቀው ሻጩ ዕቃውን ስለ መጫኑ ማስረጃ ሲያቀርብ ነው። ባንኩ የሚያየው ወረቀቱን እንጂ ዕቃውን አለመሆኑን ግን አንርሳ።

አራተኛ፣ የመርከብ ማስጫኛ ሰነዱ የታለ? ይህ ሰነድ ዕቃው ለመጫኑ ደረሰኝ ነው፤ የማጓጓዣ ውልም ነው፤ ዕቃውን ለመረከብ የሚያበቃ ቁልፍም ነው። ዋናው ሰነድ ከጠፋ ወይም ከዘገየ ዕቃው ደርሶም ላይለቀቅ ይችላል።

አምስተኛ፣ ዕቃው ያው የገዛነው ነው ወይ? ተሽከርካሪ የሻንሲ ቁጥርና የሞተር ቁጥር አለው። ቁጥሩ በብረቱ ላይ ተመትቷል። በወረቀቱ ካለው ጋር አንድ በአንድ እናስተያይ። አንድ ቁጥር ብትለያይ ጉምሩክ ላይ ሊያዝ ይችላል።

ስድስተኛ፣ ስንረከብ ምን እናድርግ? ሾፌሩ ቢቸኩል እኛ አንቸኩል። ጎማውን፣ ስኮርታውን፣ ባትሪውን፣ መስተዋቱን፣ መብራቱን፣ ክሪኩንና መፍቻውን እንቁጠር። የጎደለ ካለ ከመፈረማችን በፊት እዚያው መረከቢያ ወረቀት ላይ «ይህ ጎድሏል፣ ያ ተሰብሯል» ብለን እንጻፍ። ሾፌሩም ይፈርምበት። አንድ ቅጂ እኛ ዘንድ ይቅር። ዛሬ ያልተጻፈ ጉድለት ነገ የሚታመንልን አይምሰለን።

በአውራ ጣት ማተም የሚያሳፍር ነገር አይደለም። ያልተነበበ ወረቀት ላይ ማተም ግን አደጋ ነው። ከእንግዲህ አንድ ሰው «እዚህ ጋ ፈርም» ቢለን፣ «ቆይ፣ መጀመሪያ ላንብበው» ለማለት እንችላለን። ያልገባን ቃል ካለ የሚያውቅ ሰው እንጠይቅ። አስነብቦ መፈረም ነውር የለበትም።

መልመጃ

ሀ. የሚከተለውን የመረከቢያ ወረቀት በደብተራችሁ ገልብጡና ባዶውን ቦታ ሙሉ።

ቀን ............
የላኪው ስም ............
የአጓጓዡ ስም ............ የመኪናው ሰሌዳ ቁጥር ............
የተረካቢው ስም ............
የዕቃው ዓይነት ............ ብዛት ............
የሻንሲ ቁጥር ............ የሞተር ቁጥር ............
የተነሣበት ቦታ ............ የደረሰበት ቦታ ............
የጎደለ ወይም የተበላሸ ............
የአስረካቢው ፊርማ ............ የተረካቢው ፊርማ ............
የምስክሮች ፊርማ ............

ለ. የሚከተሉትን ጥያቄዎች መልሱ።

፩. ዓፄ ቴዎድሮስ ያዘዙት ዕቃ እስከ የት ደረሰ? ለምን ከዚያ አላለፈም?
፪. በእንግሊዝ መንግሥትና በንጉሡ መካከል ያልተስማሙበት ነገር ምን ነበር?
፫. በትራክተሩ ምሳሌ ሊቀ መንበሩ ከመፈረሙ በፊት ምን ማድረግ ነበረበት?
፬. ዕቃ ወደብ ላይ ብዙ ቀን ሲቆይ ምን ይከፈላል?
፭. ከዚህ በፊት ሳታነቡ የፈረማችሁት ወረቀት አለ? ካለ ፈልጋችሁ አምጡና ከጓደኞቻችሁ ጋር አንብቡት። ምን ይላል?